አልጋ ሰባት፣ አልጋ ስምንት

ከደብረ ብርሃን ወጥቼ፣ ታብሌቴን በፎጣ ጠቅልዬ፣
መሃል ሜዳ ገባሁ፣ ሆስፒታል ልለካ ብዬ።
ጉሙ ከጓሳ ወርዶ በሩ ላይ ተቀምጧል፣
ዘበኛው ስሜን ሲጽፍ የእስኪርቢቶው ቀለም ረግቷል፤
እፍ አለበት፣ አሟሟቀው፣ “ለምንድን ነው የመጡ?”
“ልለካ።” “ሐኪም ነዎ?” “አይደለሁም።” “ታዲያ ምን ሊያወጡ?”

ነገርሁት። አልጋና ሠራተኛ፣ ገንዘብና ቀን ቆጥሬ፣
የወጣውን ከላይ፣ የገባውን ከታች አሰድሬ፣
ሳካፍለው፣ ሆስፒታሉ ቁጥር ይሆናል፣
ከዜሮ እስከ አንድ ባለው ጠባብ መንገድ ይቆማል።
አንድ ያገኘ ጎበዝ ነው፤ ከአንድ የጎደለ አባካኝ።
ዘበኛው ሰማኝ፣ ሰማኝና፣ ወደ ውስጥ በጣቱ መራኝ።

መጀመሪያ መጋዘን ገባሁ። ልናገር፣ አልደብቅም፣
መለኪያን የሚጠላ ሰው ያንን መጋዘን አያውቅም።
አጥላባቸው፣ ንብረት ክፍሉ፣ ሦስት ጊዜ ቁልፍ ቀየረ፣
አራተኛው ሲከፍተው
ከካርቶን ያልወጣ የኦክስጅን ማሽን ነበረ፣
ሁለት ክረምት የከረመ፣ አይጥ ጥግ ጥጉን የበላው።
“ፊርማ ጎድሎ ነው” አለኝ፣ ለራሱም ቅር እያለው።
የሕፃናት ክፍል ከዚያው ግድግዳ በስተጀርባ ነው።
ሳል ይሰማል። እዚያው ቆሜ፣ ታብሌቴን በደረቴ ጨብጬ፣
“ሥራ ላይ ያልዋለ፦ አንድ” ብዬ ሞላሁ፣ ከንፈሬን መጥጬ።

ከሰዓት በኋላ መዝገብ። ቁጥሩ ሁሉ ደህና ነው፣
አንድ ሕሙም በአማካይ አራት ቀን ተኩል ነው የሚተኛው።
አልጋ ሰባት ብቻ ነው አማካዩን የጎተተው፦
አርባ አንድ ቀን! “የጽሕፈት ስህተት ይሆን?” አልሁ፣ “ማነው የሞላው?”
ሲስተር ባንቺወሰን መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
“ስህተት አይደለም፤ ልጥይበሉ ነው” አለች፣ መዝገቡን ከእጄ ነጥላ።
“ማረሻ እግሩን ጨረፈው፤ በስምንት ቀኑ መንጋጋው ተቆለፈ፣
ማንኪያ ሲወድቅ ከሰማ፣ ወገቡ እንደ ደጋን ታጠፈ።
መስኮቱን በባና ጋረድነው፤ የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀባን፣
ጫማችንን ደጅ እየተውን፣ በካልሲ እየዳሰስን ገባን።”
“ወጣ?” አልኋት። “ወጣ” አለች። “በእግሩ። በዱላ ግን ወጣ።
በቀደም የገብስ ቆሎ ይዞ፣ ካርድ ሳያወጣ መጣ።”

ከዚያ ጣቷ ከመዝገቡ ሳይነሳ ወደ ታች ወረደ።
“አልጋ ስምንትን አይተዋል? እሱ እኮ ነው የተወደደ።
በቃሬዛ መጣች፣ ከሞላሌ ማዶ፣ ወንዝ ሞልቶ ዘግይታ፣
ሳይነጋ አልጋው ተለቀቀ።” ዝም አለች፣ ትንሽ ቆይታ።
“ዜሮ ቀን። በእርስዎ ስሌት እሷ ናት ያልከበደችው፣
አማካዩን ወደ ታች፣ ውጤታችንን ወደ ላይ የገፋችው።”

ማታ አልቤርጎ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ አካፈልሁ፣ ደመርሁ፣
ዜሮ ነጥብ ሰባ አንድ። አላመንሁም፤ እንደገና ቆጠርሁ።
ሰባ አንድ።
ከቅጹ ግርጌ “ማብራሪያ” የሚል ጠባብ ሣጥን ተሰጥቶኛል፣
ስልሳ ፊደል ይውጣል፤ ስልሳ አንደኛውን ይተፋብኛል።
“ልጥይበሉ በእግሩ ወጣ” ብዬ ጻፍሁ። ቦታ ተረፈኝ።
ለአልጋ ስምንቷ ልሰጥ አልሁ፤ ያኔ ነው ስሟ የቸገረኝ።
አልጠየቅሁም። በአርባ አንዱ ስደነቅ ዜሮዋን አለፍኋት፣
እኔም እንደ ቅጹ፣ በአንድ ሰረዝ ሸኘኋት።

ሲነጋ፣ አውቶቡሱ ሳይመጣ፣ ወደ ሆስፒታሉ ወጣሁ።
ዘበኛውን ባዶ ካርቶን አንጥፎ ተቀምጦበት አገኘሁ፤
ጥግ ጥጉን አይጥ በልቶታል። አወቅሁት። አልተናገርሁ።
“ስንት አወጣን?” “ሰባ አንድ።” “ከስንት?” “ከመቶ።” “ደግ ነው፣ ይሁና።
ዛሬስ ምን ቀርቶ መጡ? ትናንት ጨረስሁ ብለው ነበርና።”
“ስም” አልሁት።
እስኪርቢቶውን በትንፋሹ አሙቆ መዝገቡን ከፈተ።
“የማን?”